ቦርከና ያልደረሰበት

የኢትዮጵያን ማንኛውንም ከተማ ሊያስተዋውቃችሁ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚነግራችሁ ከባሕር ስንት ሜትር ከፍ እንዳለ ነው። ከሚሴ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ደሴ ከ2,400 በላይ ናት። ሕዝቡ፣ ገበያው፣ መስጊዱ፣ ሙቀቱ ተራቸውን ጠብቀው ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ልብ በሉ፤ ባሕር አይቶ የማያውቅ ተማሪ፣ ባሕር አይተው ከማያውቁ መምህር፣ ስለ አገሩ መጀመሪያ የሚማረው ካላየው ባሕር ምን ያህል እንደራቀ ነው፤ ያውም ወደ ላይ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ባሕር ስወድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አድራሻዬ ደግሞ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ከሚሴ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ባንድ ትንፋሽ የሰማ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ያዝናል፣ ቀጥሎ "አብሽር፣ ያልፋል" ይላል። እንዲያልፍ የሚፈልግ ማን ነው? ደግሞስ ምኑ ያስቃል? እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ባሕርን ከልቡ የሚወድ ከባሕር የራቀ ሰው ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ ፍቅር ደግሞ ከከሚሴ የተሻለ መዲና አይገኝም። ምስክር አለኝ። የሚቃወመኝ እንደማይጠፋም አውቃለሁ፤ ምስክሮቼ ከተሰሙ በኋላ ተራው ይደርሰዋል።

የመጀመሪያው ምስክሬ ቦርከና ነው። ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተራሮች ተነስቶ፣ በኮምቦልቻ በኩል የከተማውንም የፋብሪካውንም ጉድ ተሸክሞ ወደ እኛ ይወርዳል። ጨፋ ሲደርስ ይደክመዋል። በኦሮምኛ ጨፌ ማለት ውሃ የማያጣው ለምለም መስክ ነው፤ ቦርከናም እዚያ ሜዳ ላይ ይንቀራፈፋል፣ ይተኛል፣ ረግረግ ሆኖ ይሰፋል፣ በበጋ የአፋሩ ግመልና የኦሮሞው ከብት ተጋፍተው የሚውሉበትን ሣር ያበቅላል። ከዚያ ነቃ ብሎ ወደ ምሥራቅ ይታጠፍና አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ፣ መብራት ያመነጨ፣ አገዳና ጥጥ ያጠጣ የተከበረ ወንዝ ነው። ሁለቱ ተያይዘው ፊታቸውን ወደ ባሕር ያዞራሉ። ነሐሴ ላይ ቦርከናን ያየ ሰው፣ ያን ቡና በወተት የመሰለ ውሃ፣ ግንዱን ሲያንከባልል፣ ድልድዩን በትከሻው ሲገፋ፣ "ይኼስ ሳይደርስ አይቀርም" ይላል። አይደርስም። ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ የሚባል ሐይቅ አለ፤ አዋሽ እዚያ ገብቶ ያበቃል። ከዚያ እስከ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ የሚቀረው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከከሚሴ ደሴ ደርሶ ኮምቦልቻ እንደመመለስ ማለት ነው። ያን ሁሉ አገር ያቋረጠ ውሃ ለዚህች ሲል ቁጭ ብሎ በፀሐይ ይተናል፣ ጨዉን ብቻ ትቶ። አቤ ጨዋማ ሐይቅ ነው። ቦርከና ባሕር መድረስ ቢያቅተው ባሕር ባሕር መቅመስ አላቃተውም። ባቡሩም ከወንዙ የተማረ ይመስላል። በ2007 ዓ.ም. ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐራ ገበያ የተጀመረው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሐዲድ መስመር በዞናችን ሲያልፍ "አሁን እንኳ ደረስን" ያለ ብዙ ነበር፤ አዋሽ ላይ ከጅቡቲው መስመር ይገጥማላ! ሐዲዱ መጣ፤ ባቡሩን ገና እየጠበቅነው ነው።

ሁለተኛው ምስክሬ አፋችን ነው። አማርኛን የደጋ ቋንቋ ነው ይሉታል፤ ባሕር የሚለውን ቃል ግን እንደ ጨው ይነሰንሰዋል። ሩቅ አገር ሁሉ ባሕር ማዶ ነው፣ በእግር የሚደረስበትም ቢሆን። በምኒልክ ዘመን የገባው የአውስትራሊያ ዛፍ ባሕር ተሻግሮ መጣ ተብሎ ባሕር ዛፍ ተባለ፤ ዛሬ በየጓሮው ቆሞ ያለውን ውሃ እየመጠጠ ስሙን ያስተባብላል። በቆሎን የባሕር ማሽላ የሚሉ አገሮች አሉ። የሊቃውንቱ የዘመን ቀመር ባሕረ ሐሳብ ነው። መሥሪያ ቤት ስትሄዱ ትልቁ መዝገብ ባሕር መዝገብ ይባላል፤ ይህ እንኳ ልኩን ያገኘ ስም ነው፣ እዚያ የገባ ጉዳይ ተመልሶ ሲወጣ አይታይማ። ልጁን ባሕሩ ብሎ የሚያወጣ አባት በሰፈሩ ምንጭ እንኳ ላይኖረው ይችላል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ባሕርይ የሚለው ቃል ነው። ግዕዙ ባሕርይ ሲል ከባሕር የሚወጣውን ዕንቁ ይላል፤ ደግሞም የአንድን ነገር የውስጥ ማንነት ይላል። እንግዲህ የኛ አገር አማች ሽማግሌ ልኮ "የልጅቷስ ባሕርይ እንዴት ነው?" ብሎ ሲያስጠይቅ፣ ሳያውቀው ዕንቁ ጠላቂ አሰማርቷል ማለት ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ ብትቆሙ አማራው ባሕር፣ ኦሮሞው ገላና፣ አፋሩ ባድ ሲል ትሰማላችሁ፤ ከሦስቱ ዘመድ ዳርቻው ላይ ያለው አፋሩ ብቻ ነው፤ እሱም ሲናገር ከሁለቱ ይልቅ ቸልተኛ ነው። ይህን ቸልተኝነት ያዙልኝ፣ ኋላ ይጠቅመኛል።

ቃል ብቻውን አይመሰክርም የሚል ካለ ዕቃ አሳየዋለሁ። እዚያው ባቲ ገበያ፣ በቆዳ ተለብጦ በዛጎል የተንቆጠቆጠ የወተት ዕቃ ሲሸጥ ፈልጉ። አንዷን ዛጎል ከክሯ ሳትፈቱ በአውራ ጣታችሁ ዳብሷት። ጀርባዋ ልሙጥ ነው፣ እንደ ወተት ጥርስ የነጣ፤ ስትገለብጧት ዳርና ዳሩ እንደ ማበጠሪያ የተሸረካከተ ጠባብ አፍ አላት። ያቺ የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ናት። አገሯ የሕንድ ውቅያኖስ ነው፤ የማልዲቭ ደሴቶች ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ለዓለም ሲቸረችሯት ኖረዋል፣ በስንት የአፍሪካ አገር ገንዘብ ሆና ተገበያይተውባታል። ጀልባ ለግመል፣ ግመል ለአህያ እያቀባበለ ያቺን ኦና ቤት እዚህ ተራራ ሥር አደረሳት፤ ቀንድ አውጣው ከባሕር ሳይወጣ ሞተ፣ ቤቱ ወሎ ገባ። ጨዉም እንደዚሁ ነው። የአፋር ዝቅታ ጨው ቀይ ባሕር ድሮ ገብቶ፣ መውጫው ተዘግቶበት፣ ደርቆ የቀረው ነው፤ አሞሌ የላሰ በሬ ሁሉ ባሕር ልሷል። እነዚህ ግን ራሳቸው የመጡ ናቸው፤ እኛ ወጪ አውጥተን ያስመጣነውን ባሕር ልንገራችሁ። የየከተማችን ፎቶ ቤት ከጀርባ የሚሰቅለው መጋረጃ ላይ ምን ተሥሎበታል? ዘንባባ፣ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ከሩቅ ነጭ ጀልባ። ለዒድ የለበሰ ቤተሰብ በባሕሩ ፊት ይደረደራል፤ አባት ቆመው፣ እናት ተቀምጠው፣ ከጫማቸው ላይ የከሚሴ አቧራ፣ ከትከሻቸው በላይ ማዕበል። ጨፋን ከነከብቱ ሥሎ የሰቀለ ፎቶ ቤት የለም። ጨፋማ በር ሲከፍቱ ይታያል፤ ማን ብር ይከፍልበታል?

አሁን ተቃዋሚዬ ይናገር። "ያላየኸውን እንዴት ትወዳለህ? ያየው ሰው ነው የሚወደው፤ ያንተ ምኞት እንጂ ፍቅር አይባልም" ይለኛል። ነገሩ ሲሰሙት ልክ ይመስላል፣ ማስረጃው ግን በተቃራኒው ነው። ስለ መርከበኛ ሕይወት በመጻፍ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ስሙ የገነነው ጆሴፍ ኮንራድ እ.ኤ.አ. በ1857 የተወለደው ከባሕር በራቀው የዩክሬን መሐል አገር፣ በርዲቺቭ ነው፤ ባሕር ዳር ተወልደው የዓሣ ሽታ አንገሽግሿቸው ያደጉት አልጻፉትም፣ እሱ ጻፈው። ስዊዘርላንድ በአራቱም ማዕዘን የብስ ናት፤ ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ኒውዚላንድ ድረስ ሄዳ በሸራ ጀልባ ውድድር ዓለም ከሚያውቃቸው ዋንጫዎች ሁሉ አንጋፋውን፣ የአሜሪካ ዋንጫን፣ ከባለቤቶቹ እጅ ወስዳ ተመለሰች፤ በዓለም ትልቁ የኮንቴይነር መርከብ ድርጅትም ዋና ቢሮው ጄኔቫ ነው። ቦሊቪያ እ.ኤ.አ. በ1879 በጀመረው ጦርነት የባሕር ዳርቻዋን ለቺሊ አጣች፤ ይኸው እስካሁን በየዓመቱ መጋቢት ወር ላይ የባሕር ቀን ብላ ታከብራለች፤ 3,800 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኝ ሐይቅም የባሕር ኃይል ታሠለጥናለች። ባሕር ያላትን አገር፣ ለምሳሌ ቺሊን፣ በባሕር ናፍቆት ስታለቅስ የሰማ አለ? ወደ ጎረቤታችንም እንምጣ። የጅቡቲ ሰው ባሕሩ ደጁ ላይ ተኝቶለት፣ በጋው ሲጠና ሻንጣውን ይዞ የሚሮጠው ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ደጋ ነው። እኛ ወደ እሱ ባሕር ስናይ እሱ ወደ እኛ ተራራ ያያል። ባቲ ላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ የአፋሩ ቸልተኝነትም ይኸው ነው። ያየ ሰው ባሕሩን ያውቀዋል፤ መውደድ ሌላ ሥራ ነው፣ ሥራውም በአብዛኛው የሚሠራው ከሩቅ ነው። ደግሞም ሩቅ ስል እጅግ ሩቅ አይምሰላችሁ። ካርታ ላይ ማስመሪያ ብታጋድሙ ከከሚሴ እስከ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ በመኪና ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቀናለች። ባሕሩን በወፍ ክንፍ፣ ዋና ከተማውን በመኪና ጎማ ብትለኩ ባሕሩ ይቀርባል።

መንግሥትም ቢሆን በዚህ በሽታ ከእኔ የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም፤ የትኛውም መንግሥት። የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዘው ውቅያኖስ ካቋረጡት የንግድ መርከቦች አንዱ ሸበሌ፣ አንዱ ጊቤ ይባላሉ። አሁን ወንዞቹን ተመልከቱ። ዋቢ ሸበሌ ከባሌ ተራሮች ወርዶ፣ ኦጋዴንን አቋርጦ፣ ሶማሊያ ገብቶ፣ የሕንድ ውቅያኖስ ሽታ አፍንጫው ሥር ሲደርስ ከባሕሩ ጎን ለጎን ሲንከላወስ ይቆይና ረግረግና አሸዋ ውስጥ ይቀራል፤ ከባሕር የሚገናኘው ዝናቡ እጅግ በበዛበት ዓመት ብቻ፣ ያውም በጁባ ወንዝ በኩል ተጠግቶ ነው። ጊቤ ኦሞን ይሆናል፣ ኦሞ ቱርካና ይገባል፣ ከቱርካና የሚወጣ ወንዝ የለም። ባሕር ያላዩ ወንዞች ስም ለመርከብ ተሰጠ! ዓባይና ባሮ እያሉ፣ እስከ ሜዲትራንያን የሚደርሱት። ይህን ያደረገው ባለሥልጣን ሳያስብ ነው የሚሉ ይኖራሉ፤ እኔ ግን ከአገር ሁሉ ነገሩ የገባው እሱ ነው ባይ ነኝ። ወንዙ ያልደረሰበትን መርከቡ ይድረስለት ነው ያለው፤ አባት ያልተማረውን ለልጁ እንደሚመኝለት። አዋሽንና ቦርከናንም አይርሳቸው። የባሕር ኃይላችንም ያው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ምጽዋ ላይ ተቋቁሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ፈርሶ፣ ኋላ እንደገና ይቋቋም ሲባል ዋና መምሪያው ባሕር ዳር ይሆናል ተባለ። ፈረንጆቹ ዜናውን ሲሰሙ ካርታ አገላብጠው ሳቁ። ምን ያስቃቸዋል? ከተማዋ ባሕር ዳር ትባላለች፤ ከስሟ የበለጠ ምን ፈለጉ? እዚያው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለው የባሕር ማሠልጠኛ የሚመረቁ የመርከብ መሐንዲሶችም ዛሬ በዓለም መርከቦች ላይ ሞተር ያስነሳሉ። የደጋ ልጆች ናቸው፤ ሲወዱ ጊዜ ቻሉበት።

"ወንድሜ፣ ጉዳዩ ፍቅር አይደለም፣ ወደብ ነው" የሚለኝ ሁለተኛው ተቃዋሚ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ምክንያቱም ብዙ ነው። በዓለም ላይ የባሕር በር ከሌላቸው አገሮች በሕዝብ ብዛት አንደኛ ነን። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻነቷን አወጀች፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲጀመር አሰብ ተዘጋ። የዚህ ዞን ሰው ይህን ከጋዜጣ አልሰማም፣ በጎማ ነው የሰማው፤ ከአሰብ በሚሌ፣ በባቲ፣ በኮምቦልቻ የሚወጣው መንገድ ላይ ባቲ ቁጭ ብላ የሻይ፣ የምሳና የአልጋ ሒሳብ ስትቀበል ኖራለችና። ይህን ሁሉ አምናለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የሚያወራው ሁሉ ስለ ባሕር በር ነው። በሩ የማን ነው፣ በሩ ተዘጋ፣ በሩ ይከፈት፣ በሩ ይከራይ። በበርጫ ሰዓት ከሚሴ ላይ ከአስር ሶላት በፊት ሁለት ወደብ ይሠራል፣ ምርቃናው ሲደርስ ክሬን ይተከልለታል፣ መግሪብ ሲባል ሁሉም ፈርሶ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል። በዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ ስለ ባሕሩ አንድ ቃል አትሰሙም። በር ላይ ሠላሳ ዓመት ቆመን ስለ ማጠፊያውና ስለ ቁልፉ ስንከራከር ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አልጠየቀም። ምን ዓይነት ቀለም አለው? ሲነጋ ምን ይመስላል? ሌሊት ድምፁ እንዴት ነው? ወደብ የሚፈልግ ሰው ማዳበሪያ ማውረድ ይፈልጋል፤ ማዳበሪያው ይውረድለት፣ እኔም ጤፉን እበላለሁ። የኔ ጥያቄ ግን ጉምሩክ አያስፈልገውም፤ ባሕሩ ዳር ቁጭ ብዬ ምንም ነገር ሳላወርድ ማየት ነው። ለነገሩ የኛ ማሾ በሩንም ቤቱንም አልፎ ሄዷል። ከጂሌ ጥሙጋና ከአርጡማ ፉርሲ ማሳ የተለቀመ ማሾ በኩንታል ታስሮ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ መርከብ ተሳፍሮ ሕንድና ኢንዶኔዥያ ድረስ ይሻገራል። የባቲ ፍየል ቆዳም በዓለም የቆዳ ነጋዴ ዘንድ በከተማዋ ስም ታውቆ ባሕር ይሻገራል። ገበሬው ማሳው ላይ ቀረ፣ ፍየሏ ሞተች፣ ማሾና ቆዳ ውቅያኖስ አዩ። ፓስፖርት የጠየቃቸውም የለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ግን አያስቅም፤ እኔም ልስቅበት አልሞክርም። እዚህ አገር "በባሕር ሄደ" ማለት ትርጉሙ አንድ ነው። ልጁ ወይም ልጅቷ ለደላላ ከፍላ፣ በአፋር በረሃ በእግርና በጭነት መኪና አቋርጣ፣ ጅቡቲ ኦቦክ ላይ ሌሊት ጀልባ ተሳፍራ፣ የመን ከተረፈች ወደ ሳዑዲ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከ138 ሺህ በላይ ሰዎች በባሕር የመን መግባታቸውን ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት መዝግቧል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ከወሎና ከዚህ ዞን የሚወጣው ልጅም ጥቂት አይደለም። ጀልባ ተገልብጦ አስከሬን ዳርቻው ላይ ሲለቀም የሚመጣው መርዶ እዚህ ድንኳን ያስተክላል። ስለዚህ "ባሕር እወዳለሁ" የሚለውን ሰው አንዲት እናት ቀና ብላ ብታየው፣ ልታስጨርሰውም ባትፈልግ፣ ልክ ናት። ለዚህ የምመልሰው መልስ ሙሉ አይደለም። እነዚያ ልጆች ወደ ባሕሩ የሄዱት ወደውት አይደለም፤ ለእነሱ ባሕሩ በአገራቸው ኑሮና በሳዑዲ ደመወዝ መሐል የተዘረጋ ጥቁር ውሃ ነው፤ ብዙዎቹ ዋና አይችሉም፣ ያሻገራቸው ሰው ደግሞ ባሕሩን እንደ ገበያ ነው የሚያየው። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይከነክነኛል። በእስልምና ታሪክ የመጀመሪያው ስደት በዚሁ ባሕር ላይ ነው የተደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ ከመካ ወደ ሐበሻ። የተገፉት ወደዚህ ተሻገሩ፣ ፍትሕ ያለው ንጉሥ አለ ተብለው። ይህን ታሪክ ከሚሴ ላይ የማያውቅ ልጅ የለም፤ አሁን ያው ልጅ ያንኑ ውሃ በተቃራኒው ይሻገራል። እናቲቱ ፊት ፍቅሬን አላነሳም። ዝም እላለሁ።

የቀረው ቀላሉ ተቃውሞ ነው፤ "ውሃ ከሆነ የምትፈልገው የወሎው ሐይቅ አለልህ፣ ጣና አለልህ፣ ጨፋስ ቢሆን ሐምሌ ላይ ምን ጎደለው?" የሚለው። ሐይቅ ውብ ነው፣ ገዳሙም ዓሣውም። ግን ሐይቅ ዳር ቆሞ ማዶ ያለውን ላም ቀለም መለየት ይቻላል፤ ላም የሚታይበት ውሃ ባሕር አይሆንም። ጣና ትልቅ ነው፤ ማዶው ጠፍቶ የሚውልበት ቀንም አለ፤ የጣና ውሃ ግን ይጠጣል፣ እህል ይበስልበታል። የሚጠጣ ውሃ ለሰው ይታዘዛል። ባሕርን ባሕር የሚያደርገው እስከ ሰማይ ድረስ ተዘርግቶ ጠብታው ለጥማት አለመጥቀሙ ነው፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲሉ እኛ ዘንድ ምፀት ነው፣ መርከበኛ ዘንድ የሥራ ሁኔታ ነው። ጨፋን በተመለከተ ደግሞ ከብት እስከ ጉልበቱ የሚገባበትን ነገር ማዕበል አለው ብዬ ለመማል ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም።

እንግዲህ ሁሉንም መልሻለሁ ብዬ ልቋጭ ስል፣ ክርክሬን የሚያፈርሰው ከሰው ወገን እንዳልሆነ ተረዳሁ፤ ከመሬት ነው። የአፋር ምድር እየተሰነጠቀ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ በሚባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የመሬት ቁራጭ ተላቀቀ፣ አንዳንዱ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ፤ የዓለም የመሬት ሊቃውንት ሻንጣቸውን ይዘው ሮጡ። እነሱ እንደሚሉት የአፍሪካና የዐረቢያ ምድር እየተለያዩ፣ መሐሉ እየቀጠነና እየረገበ፣ ከሚሊዮኖች ዓመታት በኋላ ቀይ ባሕር ሰብሮ ይገባል። መግባት የጀመረም አለ፤ ጅቡቲ ውስጥ ያለው የአሳል ሐይቅ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ላይ ነው፣ ውሃው ከባሕሩ በዓለቱ ሥር እየሰረገ ይመጣል። እኛስ? ከሚሴ የተቀመጠችው በዚያው ስምጥ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ፣ ሊቃውንቱ የቦርከና ግራበን በሚሉት የሰመጠ ሸለቆ ውስጥ ነው። በምሥራቅ በኩል ያሉት ኮረብቶች ዛሬ የሚያዩት አፋርን ነው፤ ያን ጊዜ የሚያዩት ማዕበል ነው። ቦርከና መቶ ኪሎ ሜትር ጎደለኝ ብሎ ማዘኑን ይተው፣ የጎደለውን ባሕሩ ራሱ ይመጣበታል። ይህ ለመሬት ሊዝ ዋጋ ምን ማለት እንደሆነ ለማዘጋጃ ቤት አልነግርም፤ ዛሬ ማታውኑ ጨረታ ያወጣሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ባሕሩ ከሚሴ ደጃፍ ሲደርስ፣ ዘንባባው በየበሩ ሲበቅል፣ ነጭ ጀልባው እንደ ባጃጅ ወዲህ ወዲያ ሲል፣ የከተማው ልጅ ማዕበሉን ቀና ብሎ ሳያይ "ውይ ይሄ ጨው ልብሴን ጨረሰው" እያለ ሲያልፍ፣ ፎቶ ቤቱ ያን ሰማያዊ መጋረጃ ማውረዱ አይቀርም። በምትኩ ሠዓሊ ያስጠራና ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ ያሥላል፤ ሜዳው ላይ ግመልና ከብት፣ ከዳር ረግረግ፣ በመሐሉ የተኛ ቡናማ ወንዝ። ለዒድ የለበሰው ቤተሰብ በጨፋ ፊት ተደርድሮ፣ እግሩ ላይ አሸዋ ይዞ፣ ብር ከፍሎ ይነሳል።